አስታማሚውን ማን ያስታምመዋል?

በአገራችን አንድ ሰው በታመመ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው ይመጣል። የመጣውም ሁሉ ወደ አልጋው ቀርቦ «እንዴት አደሩ? ዛሬስ ይሻልዎታል? እግዚአብሔር ይማርዎ» ይላል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን በዚያው ቤት፣ ከአልጋው ግርጌ፣ ሌሊቱን ሁሉ ዐይኗን ሳትከድን ያደረች አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ሚስት ተቀምጣለች። ለጠያቂው መቀመጫ የምታቀርበው፣ ቡናውን የምታፈላው፣ የሕመምተኛውን ልብስ የምታጥበው እርሷ ናት። «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ግን ከአሥሩ አንዱ እንኳ አይገኝም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሌላውን የሚያስታምም ሰው ቢደክም ድካሙ ኃጢአት ነውን? ሸክሙን ሊያስቀምጥ የሚገባው ጊዜስ አለን? ያስቀመጠውስ እንደ ሆነ ከዳተኛ ይባላልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎችን በስውር ከእንቅልፍም ከጸሎትም የከለከለ ጥያቄ ነው።

ነገሩ ግልጽ ይሆንልን ዘንድ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን እንሻገር። አል-ጣኢፍ በካርቱም ከተማ በስተ ምሥራቅ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ከጦርነቱ በፊት ደህና ኑሮ ያላቸው ቤተ ሰቦች ይኖሩበት ነበር። ወገኖቻችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ፣ አንዳንዶቹ ከጦርነትና ከረኀብ ሸሽተው፣ ሌሎቹም እንጀራ ፍለጋ፣ ወደ ካርቱም ወርደዋል። ከሴቶቹም ብዙዎቹ በመንገድ ዳር ሻይ በማፍላት ወይም በሰው ቤት በማገልገል ይኖሩ ነበር። በሰው ቤት የምታገለግል ሴት ደግሞ ሥራዋ ማብሰልና መጥረግ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ቤት ያረጀ ወይም የታመመ ሰው ካለ አስታማሚው እርሷ ትሆናለች።

ካርቱም ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናችን ታሪክም እንግዳ አይደለችም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ወገኖቹ ለመግባት በሱዳን በኩል ተጉዞ እስከ አሶሳ ከደረሰ በኋላ፣ ማለፍ ስላልተቻለው ተመልሶ፣ በንዳድ ታምሞ እየተንገላታ በሚያዝያ 1882 እ.ኤ.አ. ካርቱም ገብቷል። ይህ ሰው ኋላ በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ሆነ። እኛ የተርጓሚውን ስም በክብር እናስታውሳለን። ነገር ግን በዚያ በረሃ መንገድ ንዳድ የያዘው ሰው ውሃ የሚያቀርብለት፣ ላቡን የሚያብስለት እጅ ባያገኝ ኖሮ ለሥራው ባልደረሰም ነበር። የአስታማሚ ሥራ እንዲህ ነው፤ ፍሬው በሌላው ስም ይጠራል።

አሁን ለአሳባችን ምሳሌ ትሆነን ዘንድ አንዲት እኅት በፊታችን እናቁም። ታሪኳ የአንዲት ሴት ብቻ ታሪክ አይደለም፤ በብዙዎች ላይ የደረሰው ነገር በእርሷ ተሰብስቦ የቀረበ ነው። ይህች እኅት ከጎንደር ወጣ ካለ የገጠር መንደር ወደ ካርቱም ወርዳ፣ በአል-ጣኢፍ በአንድ ቤት ግማሽ ጎናቸው የሰለለባቸውን አንዲት አረጋዊት ታስታምማለች። በአገሩ ልማድ «ሐጃ» ብላ ትጠራቸዋለች። ታገላብጣቸዋለች፤ ታጥባቸዋለች፤ የስኳር በሽታቸውን መድኃኒት በየሰዓቱ ትወጋቸዋለች። በዚያው ጊዜ የገዛ እናቷ በመንደራቸው ታምመው ተኝተዋል። እርሷ ከደመወዟ የመድኃኒት ገንዘብ ትልካለች፤ እናቷን የሚያስታምመው ታናሽ ወንድሟ ነው። እንግዲህ የራሷን እናት ለማሳከም የሌላ ሰው እናት ታስታምማለች ማለት ነው። ማታ ማታ ስልኩን ይዛ «ዛሬስ ቀምሰዋል? ተኝተዋል?» ስትል፣ ከወዲያኛው ክፍል ሐጃ ይጠሯታል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ የትንሣኤ ዋዜማ ነበረ። በካርቱም የነበሩ ሐበሾች ለፋሲካ ይሰናዱ ነበር፤ ሙስሊሞች ጎረቤቶቻቸውም የረመዳንን ጾም ለመፈጸም ጥቂት ቀኖች ቀርተዋቸው ነበር። በዚያ ጠዋት በሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል በከተማይቱ ውስጥ ውጊያ ተነሣ። በጥቂት ቀኖች ውስጥ በብዙ ሰፈር መብራትና ውሃ ተቋረጠ፤ ከሆስፒታሎችም አብዛኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። የሐጃ ልጅ ከወንዙ ማዶ በኦምዱርማን ነውና ድልድዩን ተሻግሮ ሊመጣ አልቻለም። እኅታችን የስኳሩ መድኃኒት በሙቀት እንዳይበላሽባት ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ዚር ከሚባለው የሸክላ ውሃ ጋን ሥር ታኖረው ጀመር። ተኩሱ በቀረበ ጊዜ ሐጃን ተሸክማ መስኮት ወደሌለበት ክፍል ታስገባቸዋለች። ዐሥር ቀን እንዲህ ሆነች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጎረቤቶች አንድ መኪና አገኙ፤ በመኪናውም የአንድ ሰው ስፍራ ነበረ። የአጥሩ ማዶ ጎረቤት ሴት ባሏ ስለ ታመመ ከሰፈሩ ልትወጣ አልወደደችምና «ሐጃን እኔ አያቸዋለሁ» አለች። ሐጃም በሚንተባተብ አንደበታቸው «ልጄ፣ አንቺም እናት አለሽ፤ ሂጂ» አሉ። እርሷም መድኃኒቱን፣ የመውጊያውን ሰዓትና ቁልፉን ለጎረቤቲቱ አስረክባ፣ የሐጃን እጅ ስማ ወጣች። በዋድ መደኒና በገዳሪፍ አድርጋ ገላባት ደረሰች፤ ወደ መተማም ተሻገረች።

መንደሯም በደረሰች ማግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሎች በደጅ ቆሙ። መርዶ ነበረ። እናቷ ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተው ተቀብረዋል፤ ዘመዶቿ በጦርነት ውስጥ ሳለች አንነግራትም ብለው ደብቀዋት ኖሯል። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ደግሞ ስልክ ተደወለ። ሐጃም ዐርፈዋል፤ ወደ መቃብር ስፍራ መውጣት ስላልተቻለ በቤታቸው ግቢ ተቀብረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች እኅት «እናቴን አልቀበርሁ፤ ሐጃን ትቼ መጣሁ፤ እኔ ምን ሰው ነኝ?» ትላለች። እንቅልፍ የላትም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ለዚህች ሴት ምን እንመልስላታለን?

ሁለት ዐይነት መልስ በመካከላችን ይሰማል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። የመጀመሪያው «እምነት ያለው ሰው አይደክምም፤ አያዝንምም፤ በርቺ፣ አታልቅሺ» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስን ያስታውሱ። በክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ ትእዛዝም አልጨመረበትም። አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው፤ ቀጥሎ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ ዳግመኛም አስተኛው፤ ዳግመኛም አበላው። የመንገዱ ነገር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጌታችንም የአልዓዛርን መነሣት እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። ማርቲን ሉተርም ልጁ ማግዳሌና በ1542 እ.ኤ.አ. በዐሥራ ሦስት ዓመቷ በሞተችበት ጊዜ ትንሣኤዋን እያመነ አምርሮ አለቀሰ። ስለዚህ ልቅሶ የአለማመን ምልክት አይደለም፤ መውደዳችን የሚታወቅበት ምልክት ነው። ድካምም ሥጋችን ከዐፈር መሆኑን የሚያሳስበን እንጂ በደል አይደለም።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ «ለራስሽ አስቢ፤ ሰው ሁሉ ለራሱ ነው፤ የማትዛመጂሽ ሴት ምንሽ ናት?» የሚል ነው። ይህ መልስ የሚያሳርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን አያሳርፍም። እኅታችን ሐጃን በእጇ አጥባለች፤ በእጇ አጉርሳለች። በእጅ ያጎረሱትን ሰው «ምኔም አይደለም» ማለት ያን ዐሥር ቀን ከንቱ ማድረግ ነው። ሕሊናዋ የሚጮኸው ባለ ዕዳ ስለ ሆነች ሳይሆን ስለ ወደደች ነውና፣ ፍቅሯን በመካድ ልናሳርፋት አንችልም።

እውነተኛው መልስ ከሁለቱ መካከል ሳይሆን ከሁለቱም በላይ መፈለግ አለበት። በ1527 እ.ኤ.አ. በዊተንበርግ ከተማ ቸነፈር ገባ። መስፍኑ ሉተር ከከተማው እንዲወጣ አዘዘ፤ የዩኒቨርሲቲውም ማኅበር ወደ የና ከተማ ሄደ። ሉተር ግን ቀረ፤ ቤቱም የድውያን ማደሪያ ሆነ። በዚያው ዘመን የብሬስላው ከተማ አገልጋዮች «ክርስቲያን ከሞት ሊሸሽ ይገባዋልን?» ብለው ጠይቀውት ነበርና መልሱን ጽፎ አሳተመ። ራሱ የቀረው ሰው የሸሹትን ሁሉ ይኰንናል ብለን እንጠብቅ ይሆናል፤ እርሱ ግን እንዲህ አላደረገም። በአሳቡ መሠረት፣ ለሌላው ኀላፊነት ያለበት ሰው፣ እረኛ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን፣ ወላጅ ወይም ልጅ ቢሆን፣ ድኩሙን ያለ ረዳት ጥሎ ሊሄድ አይገባውም። በስፍራው የሚተካ በቂ ሰው ካለ ግን ሊሄድ ነጻ ነው። ስለ ቤት ሠራተኞችም ተናግሯል፤ አገልጋዪቱ ያለ እመቤቲቱ ፈቃድ አትሂድ፤ እመቤቲቱም አገልጋዪቱን የሚጠብቃት ሰው ሳታዘጋጅ አትተዋት ይላል። ዕዳው ከሁለቱም ወገን መሆኑን ልብ በሉ።

እንግዲህ ፍቅር የሚጠይቀው አንድ ሰው ሁሉን እስኪወድቅ ድረስ ለብቻው እንዲሸከም አይደለም፤ ድኩሙ ያለ እጅ እንዳይቀር ነው። ጥሎ መሄድ ሌላ ነው፤ አስረክቦ መሄድ ሌላ ነው። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው በአህያው ጭኖ፣ አንድ ሌሊት አስታምሞ፣ በማግሥቱ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ከሁለት ዲናር ጋር አስረክቦ መንገዱን ሄደ። ስለ ሄደ የነቀፈው የለም። ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አስረክቧል። እርሱ ማስረከብን ካላፈረበት፣ እኛ እንደ ነውር ልንቆጥረው ማን ነን?

በዚህ ሚዛን የአል-ጣኢፏን እኅት ብንመዝናት፣ ቁልፉን ያስረከበች፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ያስታወቀች፣ ከባለቤቲቱ አንደበት «ሂጂ» የሚለውን የሰማች ሴት አልከዳችም። ሐጃን ከሞት ያላዳነቻቸው ስላልወደደቻቸው ሳይሆን ሰው ስለ ሆነች ነው። ሞትን የማስቀረት ሥልጣን በእጇ አልነበረም፤ ያልተሰጣት ሥልጣንም አይጠየቅባትም።

ነገር ግን «አስረክባ የምትሄድበት ሰው ያላገኘችስ?» የሚል ይኖራል። በዚያ ጦርነት እንዲህ ያሉም ነበሩ። ጥይት በቤቱ ላይ ሲወርድ፣ ልጆቻቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ መነሣት የማይችለውን ሽማግሌ በአልጋው ላይ ትተው የወጡ አሉ። ለእነዚህ በቀላል ቃል «ምንም አይደለም» ልንላቸው አይገባም፤ እነርሱም አይቀበሉንም። ለእነርሱ የሚሆነው ማመካኛ ሳይሆን ምሕረት ነው። የሆነውን በእግዚአብሔር ፊት በስሙ ይጥሩት፤ በደል ካለበት ይቅርታው የተዘጋጀ ነው፤ በደል ከሌለበትም እርሱ ያውቃል። እኛ ግን በሰላም ቤታችን ተቀምጠን ዳኞች አንሁንባቸው።

ቀጥሎ ስለ ጭንቀት ጥቂት እንበል። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን በብዙው ክፍል ስልክ ተቋረጠ። እዚህ አገር የነበሩ እናቶች ድምፅ ሳይሰሙ ብዙ ቀን ቆዩ። እንዲህ ያለ ጭንቀት ከመከራው ይልቅ ያደክማል፤ መከራው አንድ ጊዜ ሲመጣ ጭንቀቱ ግን በአሳባችን መቶ ጊዜ ይመጣልና። በዚህ ጊዜ በእጃችን ያለውንና የሌለውን መለየት ይገባል። የጠፋውን ሰው መጠየቅ በእጃችን ነው፤ የወሬውን መምጣት ማፋጠን አይደለም። ስለዚህ ለመጠየቅ በቀን አንድ ሰዓት ይመደብ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ይቀመጥና እጅ ወደ ሥራው ይመለስ። የሚፈላ ወጥ፣ የሚታጠብ ልጅ፣ የሚጠየቅ ጎረቤት አለ። ቀሪውን በጸሎት ለሚችለው እንስጥ።

ስለ ኀዘን ደግሞ የምለው አለኝ። የእኅታችን እናት በሞቱ ጊዜ መንደሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ዕድርተኛው እንጀራና ንፍሮ ይዞ መጣ፤ መርዶ በተነገራትም ቀን ዳግመኛ ተሰበሰበ። የሐጃ ሞት በተሰማ ጊዜ ግን ማንም አልመጣም። የሌላ አገር ሰው ናቸው፤ የሌላ እምነት ሰው ናቸው፤ ዘመድ አይደሉም፤ ማን ይለቀስላቸዋል? እንዲህ ያለ ኀዘን ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል፤ የሚካፈለው የለምና። ሱዳናውያን ራሳቸው በሰላም ዘመን ለቅሶ የሚደርሱበትን ድንኳን በደጅ ተክለው፣ የመጣው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይጸልያል። የተኙበት አንገረብ የሚባለው የጠፍር አልጋ እርሱው ሬሳቸውን ወደ መቃብር ይሸከማል። ሐጃ ግን ይህን ሁሉ አላገኙም። ኀዘንተኛ ነኝ ብላ የቀረችላቸው አንዲት ሐበሻ ምናልባት ይህች ናት። በመጽሐፍ ሪጽፋ የተባለች ሴት የሞቱትን ከመከር መጀመሪያ እስከ ዝናብ ድረስ በዐለት ላይ ተቀምጣ ጠብቃለች፤ ንጉሥ ዳዊትም ይህን በሰማ ጊዜ ዐጥንታቸውን ሰብስቦ አስቀበረ። አንዲት ሴት ብቻዋን ስታዝን ሰምቶ መነሣት የንጉሥ ሥራ ከሆነ፣ የጉባኤያችንም ሥራ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤዎቻችን እነዚህን አራት ነገሮች አሳስባለሁ።

1ኛ፤ ሕመምተኛን ልንጠይቅ ስንገባ አስቀድመን አስታማሚውን እንጠይቅ። «በርቺ» ከማለት «ዛሬ ሌሊት እኔ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ተኚ» ማለት ይበልጣል። በሙሴ ታሪክ እጆቹ በከበዱ ጊዜ አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ደገፉለት እንጂ ስለ መጽናት አልሰበኩለትም።

2ኛ፤ ዕድሮቻችን ለሞተ ሰው ድንኳን እንደሚተክሉ ሁሉ፣ ለረዥም ጊዜ ለታመመ ሰው ቤት ተራ ያውጡ። አንዱ ውሃ ይቅዳ፤ አንዷ እንጀራ ትጋግር፤ አንዱ ሐኪም ቤት ያመላልስ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

3ኛ፤ ኀዘንተኛ ፊት ዝምታን እንማር። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉበት ጊዜ መልካም አጽናኞች ነበሩ፤ መናገር በጀመሩ ጊዜ ግን አቈሰሉት። ኀዘንተኛው ሊናገር ሲወድ እንስማው፤ ዝም ሲል አናስገድደው።

4ኛ፤ ኀዘን ወደ ደዌ የሚለወጥበት ጊዜ እንዳለ እንወቅ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈውንና ሰውን ከኑሮው ያወጣውን ብርቱ ኀዘን ሕክምና የሚገባው ደዌ አድርጎ መዝግቦታል። እንቅልፍና ምግብ ፈጽሞ የራቀው፣ ሥራውን መያዝ ያቃተው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሞትን የሚመኝ ቢሆን ግን ስድስት ወር ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ ብቻውንም አይተዉት። መድኃኒትን የሰጠ ያው እግዚአብሔር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ ይህ ደዌ እንደ ነውር አይደበቅ።

ካርቱምን የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ይዟታል፤ ውጊያው ግን በሌላው የአገሪቱ ክፍል ቀጠለ። ከዚያም የመጡ ወገኖቻችን በመካከላችን አሉ። አንዳንዶቹ በጉባኤያችን ወንበር ላይ ከአጠገባችን ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ የተሸከሙት ግን አይታይም። እነዚህን ባገኘን ጊዜ ስለ ጦርነቱ ወሬ አንጠይቃቸው። ይልቁንም «እዚያ ሳለሽ ማንን ታስታምሚ ነበር? ስማቸው ማን ነበር?» እንበላቸው። ምናልባት ያን ስም በአገሯ አንደበት ጠርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ታለቅስ ይሆናል። ያን ጊዜ አጠገቧ እንቀመጥ፤ ቡናውንም እኛ እናፍላ፤ እርሷም ትተኛ። እግዚአብሔር ለደከሙት ሁሉ ዕረፍትን፣ ለእኛም የሚያርፉበትን ትከሻ ይስጠን። አሜን።